እሺ ካላሉኝ አልቀመጥም

ሸዋጌጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መዝገብ ቤት ስትሠራ ሽማግሌን አንተ ብላ አታውቅም። አሁን ነቀምቴ ውስጥ በሚቀረጽ ፊልም ላይ ባሏ የሞተባት ሴት ሆናለች፤ የባሏን ወንድም ሰድባ የነጠቃትን የቤት ቁልፍ እንድታስመልስ ተጽፎላታል። ወንድምየውን የሚጫወቱት ደግሞ ኦቦ ፈይሳ ናቸው፤ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ውስጥ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ ጡረተኛ መምህር።

«አንተ ሌባ!» ልትል ስትል ድምጿ ይከዳታል። አዘጋጁ ቀነአ ከጠዋት ጀምሮ «አንቺ፣ ጩኺ እንጂ!» እያለ ያምባርቅባታል። በሰባተኛው ሙከራ እንደምንም ጮኸች። ኦቦ ፈይሳ ግን ቁልፉን ጨብጠው ቀሩ።

«እንዲህ ተሰድቦ እሺ የሚል ማን አለ?» አሉ።

ሸዋጌጥ ቱግ አለች። ጽሑፉን ወዲያ ወርውራ ፊታቸው ቆመች።

«ኦቦ፣ የልጆቼን ቤት ፈልጌ መጥቻለሁ። እሺ ካላሉኝ አልቀመጥም።»

ሽማግሌው ራሳቸው ለዕርቅ በየሰው ቤት እንዲህ ሲቆሙ የኖሩ ናቸው፤ ቆሞ የሚለምንን ሰው እምቢ ማለት አልሆነላቸውም።

«እሺ፣ እሺ ልጄ፣ ተቀመጪ» ብለው ቁልፉን እጇ ላይ አኖሩት።

ካሜራው አልቆመም ነበር፤ ሁሉንም ቀርጾታል። ሸዋጌጥ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ እፎይ አለች።

ቀነአ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ወንበር ብትስብለት አልተቀመጠም።

«እትዬ ሸዋጌጥ፣ ነገም ይምጡልኝ። እሺ ካላሉኝ አልቀመጥም።»

ውሃዋን ቀስ ብላ ጠጥታ እስክትጨርስ አቆመችው።