ፊት የሌለባቸው ፊልሞቼ

አውሮፕላኑ የሚነሳው ሌሊት ነበር። በሰዓት እላፊው ምክንያት ግን ከሽሮ ሜዳ የወጣሁት ጀምበር ሳትጠልቅ ነው፤ ከእንጦጦ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ሽታ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኘኝ። አባቴ ከሽመና ጉድጓዱ አልወጣም። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ እንደዘረጋ «በል እንግዲህ፣ ብርዱ እንዳይጫወትብህ» ብሎ ራሱ የሸመነውን ጋቢ ሰጠኝ። ጠርዙ ውስጥ እናቴ አንድ ስንዝር የምታህል የፊልም ቁራጭ ሰፍታልኛለች። ነገሩን እስከ ዛሬ ለማንም አውጥቼ አልተናገርኩም፤ ለእናንተ ልንገራችሁ።

በቀበሌያችን ካሜራ የሚነካ እኔ ብቻ ነበርኩ። በሠራተኞች ቀን ሰልፍ ላይ ጎረቤታችንን ሸማኔውን ጋሽ ቶማን ቀረጽኳቸው። ሰው ሁሉ ግራ ክንዱን ወደ ላይ ሲያነሳ እሳቸው እኔን አዩና ሳቁ፤ ክንዳቸውን ረሱት። ፊልሙ በቀበሌው አዳራሽ ሲታይ ካድሬው ከወንበሩ ተነሳ።

«አቁም! ያ ክንዱን ያላነሳው ማነው?»

እኔ ሞኙ ሥራዬ የተወደደልኝ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። «ጋሽ ቶማ ናቸው! ጎረቤታችን!»

የቆመ ፊልም በማሳያ መሣሪያው አምፖል ሙቀት ይቃጠላል። የጋሽ ቶማ ግንባር ስክሪኑ ላይ ሲጠቁር አየሁ። በማግስቱ ከሥራቸው ላይ ወሰዷቸው፤ አልተመለሱም። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ነፍሰ ጡር ነበሩ። ፊልሙን ቆርጬ ስቀጥል ፊታቸው ያለበትን ስንዝር ደበቅሁ፤ ከእንግዲህ የሰው ፊት አልቀርጽም ብዬም ማልኩ።

ለፊልም ትምህርት የተላክሁት ምሥራቅ ጀርመን ነው። እዚያ ካርቶፈል የሚሉት ድንች ምሳም እራትም ነው፤ በርበሬ ስትጠይቁ ቁንዶ በርበሬ ያቀርቡላችኋል፣ እሱንም እየፈሩ። የእኛ በረዶ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው የሚታወቀው፤ የእነሱ ግን እንደተነደፈ ጥጥ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። በመስኮት እያየሁት ከአባቴ የሽመና ጉድጓድ አጠገብ የተኛሁ ይመስለኝ ነበር። ልጅ ሳለሁ ከዚያ ሆኜ ነበር ዓለምን የማየው፤ በነጭ ድር መሃል የደንበኞች እግር፣ የነጠላ ጫፍ፣ ጨርቅ የሚዳስስ እጅ።

ፊልሞቼ ከዚያ ወጡ። ካሜራዬ መሬት ተጠግታ ትቀመጣለች፤ ከፊቷ ክር ወይም ስስ ሸማ አለ፤ ብርሃኑ በዚያ ተጣርቶ ይገባል። ሸማ በጥድፊያ አይሠራምና እኔም ቶሎ አልቆርጥም፤ አንድ እጅ ክር እስኪቀጥል ድረስ እጠብቃለሁ። ትምህርቴን ስጨርስ ተመለስ የሚል ደብዳቤ መጣ፤ እኔ ግን ግንቡ የውጭ አገር ተማሪን አይከለክልምና በባቡር ምዕራብ በርሊን ገባሁ። አከራዬ ወይዘሮ ሂልደ ወለል ላይ ተጋድሜ ጋቢዬን በካሜራ ሳይ ደረሱብኝ።

«ወድቀህ ነው?»

«አይ፣ እየሠራሁ ነው።»

«በእኛ አገር ሥራ የሚሠራው ቆሞ ነው» ብለው በሩን ዘጉት።

ሦስተኛው ፊልሜ ተሸለመ። ጋዜጦቹ ፊት አለማሳየቴን «ደፋር ውበት» አሉት። ፈሪ መሆኔን ማን ይንገራቸው? የመኖሪያ ፈቃድ ላሳድስ ስሄድ ሹሙ «ሙያ?» አለኝ።

«የፊልም ዳይሬክተር።»

«ማለቴ፣ ሥራህ?»

ፎቶዬ የወጣበትን ጋዜጣ አሳየሁት። አገላብጦ አየና «ይህ አንተ ለመሆንህ ሽቴምፕል የለውም» አለኝ፤ ማህተም ማለቱ ነው። እየሳቅሁ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ግን አለቀስኩ።

የሽልማቱን ወሬ ላበስር ሰፈራችን ወዳለው የሐጂ ሱቅ ደወልኩ። አባቴ መጣ፣ መረቀኝ፣ ከዚያ «እትዬ ዘነበች ሊያናግሩህ ነው» ብሎ ስልኩን ሰጣቸው።

«ልጄ ትምህርት ቤት ገባች» አሉኝ እትዬ ዘነበች። «አባቴ ምን ይመስላል ትለኛለች። ፎቶ እንኳ የለንም። እናትህ አንተ ጋ አለ አለችኝ፤ እውነት ነው?»

«አለ፣ እትዬ።»

«እዚያ ላይ ፊቱ ከፍቶታል?»

«ኧረ አልከፋቸውም። እየሳቁ ነው።»

«ለማን?»

ለካድሬው ስማቸውን የጠራሁት እኔ ነኝ ልል ነበር። «ለእኔ» አልኩ።

«እሰይ!» አሉ። «ለሚያውቀው ሰው ነዋ! እኔ እኮ ብቻውን የቆመ መስሎኝ ነበር። በል ላክልኝ፣ አደራህን።»

እልካለሁ አልኩ። የጋቢውን ጠርዝ ተርትሬ ቁራጩን ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መስኮቱ ያዝኩት። ጋሽ ቶማ ይስቃሉ፣ ይስቃሉ፣ መሃሉ ላይ የተቃጠለ ቀዳዳ፣ ከዚያ ደግሞ ይስቃሉ። ቀዳዳውን ቆርጬ መቀጠል እችላለሁ፤ ሙያዬ ነው። ካልቆረጥኩት ግን ልጅቷ ይህ ለምን ተቃጠለ ብላ መጠየቋ አይቀርም። ፖስታው አድራሻው ተጽፎበት ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ገና አላሸግሁትም።