ሆዲ ያልተባለበት ዛፍ

ማሱዲ በዚህ ምድር ላይ የሚኮራበት አንድ ነገር ብቻ ነበረው፤ ምናዚው ላይ ጠብታ ውኃ ጨምሮ አያውቅም። ቤቱ ያፈሳል፣ ጉልበቱ ሲነሳ ይንቋቋል፣ ልጆቹ ሞምባሳ ከገቡ ወዲህ አባት እንዳላቸው ትዝ የሚላቸው ለኢድ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ግድ አይሰጠውም። «የማሱዲ ንጹሕ ነው» ሲባል ከሰማ ግን ደረቱ ይነፋል፣ አንገቱ ይረዝማል፣ ሚስቱ ኛምቩላም ዞር ብላ ትስቃለች።

ምናዚ ከኮኮነት ዛፍ አናት የሚንጠባጠብ፣ ጠዋት ሲቀምሱት የሚጣፍጥ፣ ማታ ሲጠጡት ወንድምና ወንድም የሚያጣላ መጠጥ ነው። መንደራችን ከዳር እስከ ዳር ሙስሊም ስለሆነ ማንም አይጠጣም። የዚህን የማይጠጣ ሕዝብ ጥም ለመቁረጥ ማሱዲ ጠዋትና ማታ ዛፍ ሲወጣና ሲወርድ አርጅቷል።

ዛፍ ላይ ያለ ሰው ደግሞ የሁሉን ጓሮ ያያል። መታጠቢያዎቻችን አጥር እንጂ ጣሪያ የላቸውም፤ ሴቶቻችንም ከሰማይ የሚመጣ እንግዳ ጠብቀው አያውቁም። ስለዚህ ምናዚ ቀጂ ግንዱን ከማቀፉ በፊት «ሆዲ! ሆዲ! ሆዲ!»፣ ቤቶች! እንደ ማለት ነው፣ ብሎ መንደሩ እስኪሰማ ይጮሃል። የምትታጠበው ትሸፋፈናለች፣ የሚደበቅ ነገር ያለው ይደብቃል። ከዚያ ወዲያ ቀጂው ቢያይም የራሱ ጉዳይ ነው፣ ሆድ ይፍጀው። ሳይጮህ ወጥቶ ያየውንማ ጭራሽ አፉን ከፍቶ ማንሳት አይችልም፤ እንዲህ ያለው ሰው ከሌባ አይለይም፣ ሌባ ደግሞ ምስክር አይሆንም።

ሰማይ ዘላዮቹ ግን ሆዲ አይሉም። እነዚህ አውሮፕላን ተሳፍረው፣ መድረሻቸው ሳይደርሱ በር ከፍተው የሚወርዱ ሰዎች ናቸው። እኛ ዘንድ መኪና ሳይቆም የሚዘል ወይ ረዳት ነው ወይ ያልከፈለ ተሳፋሪ። እነሱ ግን ከፍለው ነው የሚዘሉት። ፓራሹታቸውን ዘርግተው በጓሮዎቻችን ላይ ሲያልፉ ቁልቁል እጃቸውን ያውለበልቡልናል፤ ፊቷ ላይ ሳሙና ያለባት ሴት መልሳ እንድታውለበልብላቸው ይሆናል።

ነገሩ የሆነው አርብ ቀን ነው፤ ለማሱዲ ተራ አርብ አልነበረም። ንጎሜ የሚባል ዓሣ አጥማጅ፣ በማንግዌው፣ ማለትም ወንዶቹ በማይጠጡበት መጠጫ ዳስ ውስጥ ድምፁ ከሁሉም በላይ የሚሰማው ሰው፣ ምናዚው ቀጥኗል እያለ ወራት ሙሉ ሲጮህ ከርሟል።

«አራት ኩባያ ጠጥቼ ቀጥ ብዬ ቤቴ ገባሁ! ይሄ መጠጥ ነው ይሄ? ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ!»

«ምላስህ ነው የቀጠነው» ይላል ማሱዲ።

«ቀጂን ካመሰገኑት ምናዚው ላይ ውኃ ይጨምራል ሲሉ አባቶቻችን አንተን አይተው ነዋ!»

ተረቱ የቆየ ነው፤ ግን ቀጂን እንደ እባብ ይነድፈዋል። በመጨረሻ የመንደሩ ሽማግሌ ምዜ ቺራው ጣልቃ ገቡና ፈረዱ፦ አርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ማሱዲ በሰው ፊት ይማላል። ውኃ የለበትም ብሎ ከማለ ንጎሜ አፉን ይዘጋል። መማል ካልቻለ ግን የመቅጃ ቅሉ በአደባባይ ይሰበራል፣ ስሙም ባባ ማጂ፣ አባ ውኃ ይባላል፤ እዚህ አገር ደግሞ የወጣ ስም አብሮ ይቀበራል። ዛፎቹን ይነጠቅ ያለ የለም። ዛፍ የሚወጣ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ የሽማግሌዎቹ ቁጣም ጥማቸውን እስከሚጎዳ ድረስ አልሄደም።

ማሱዲ ደስ አለው። መማል? እንኳን አንዴ! ሳምንቱን ሙሉ ለመሐላው ድምፁን ሲያሟሽ ሰነበተ።

አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ታዲያ አንዱ ዘላይ አየር ላይ ፓራሹቱ ተጠማዘዘበት። ቆርጦ ጣለው፣ መጠባበቂያውን ከፈተ፣ አሸዋው ላይ በሰላም አረፈና ቢራ ጠየቀ። የተጣለው ብርቱካንማ ጨርቅ ግን ባለቤት እንዳጣ አህያ በመንደሩ ላይ ሲንከራተት ቆይቶ የመስጊዱ ኮኮነት አናት ላይ ጉብ አለ። ይህ ዛፍ ከሁሉም ይረዝማል፤ ፍሬ ካቆመ ስንት ዘመኑ ነው፣ የመስጊድ ስለሆነም ቀጂ ነክቶት አያውቅም።

የዘላዮቹ አለቃ ሙቲሶ መኪናውን እያስጮኸ ደረሰ። ከመንደሩ ወንድ የቀረ አልነበረም። አንዱ ድንጋይ ወረወረ፣ አንዱ ዛፉን እንቁረጠው አለ፣ ሦስተኛው ሄሊኮፕተር ጥሩ ብሎ መከረ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

«ነፋሱ እየጠነከረ ነው፣ ይቀደድብኛል!» ሙቲሶ ራሱን ያዘ። «የሚወጣ ሰው የለም?»

ሁሉም ወደ ማሱዲ ዞረ።

«ማሱዲ እያለ?» አለ አንዱ። «ከላሙ ደሴት እስከ ታንጋ ወደብ ቢፈለግ እንደሱ ያለ አይገኝም!»

«ዝንጀሮ ራሱ ከሱ ነው የተማረው!» አለ ሌላው።

«በለው እንጂ!» አለ ንጎሜ ከኋላ። «ወይስ የተጨመረው ውኃ ከብዶህ ነው?»

ሳቅ ሆነ፤ ቀጥሎ ጭብጨባ። ሙቲሶ በሁለት እጁ ጨበጠው፣ «አባቴ፣ አንተ ብቻ ነህ የምታወጣኝ» አለው። ማሱዲ የእግር ገመዱን አጠለቀ፣ ቢላዋውን ከወገቡ ሻጠ፣ ደረቱን ነፋና ግንዱን አቀፈ። ሆዲ ማለቱን ረሳ።

ትዝ ያለው ግማሽ ላይ ሲደርስ ነው። ቆም አለ። ከታች «ኧረ ወንድ! ኧረ አንበሳ!» ይሉታል። ወርዶ፣ መሬት ረግጦ፣ ሆዲ ብሎ እንደገና መጀመር ነበረበት፤ ጭብጨባው ግን ይቋረጣል። ጉልበቱም ሁለተኛ የሚታዘዘው አልመሰለውም። ዛሬ ወንዱ ሁሉ እዚህ ነው፣ ሴቱም ጨርቅ ሊያይ ወጥቷል ብሎ ራሱን ሸነገለና ቀጠለ። የተመሰገነ ቀጂ ነበርና።

አናቱ ላይ ነፋሱ ዛፉን ያወዛውዘዋል። የፓራሹቱ ገመዶች በደረቁ ቅርንጫፎች መሐል እንደ ፀጉር ተጎንጉነዋል። ቢላዋውን ሲመዝ ሙቲሶ ከታች ጮኸ።

«ገመዱን እንዳትቆርጠው! በነፍሴ ይዤሃለሁ፣ ገመዱን እንዳትነካው!»

ስለዚህ ገመዱን ትቶ ዛፉን ቆረጠ። ደረቁን ቅርንጫፍ እየመለመለ ገመዶቹን አንድ በአንድ አሾለከ። መጨረሻ የቀረውን ለመድረስ ወደ ምሥራቅ ዞረ። ያኔ የገዛ ጓሮውን አየ።

ከላይ አይቶት አያውቅም። የሚቀዳቸው ዛፎች ሁሉ በሌላኛው በኩል ናቸው። ጓሮው ትንሽ ነበረች፣ እሱ ከሚያስባትም ታንሳለች። ከመሐሏ የምናዚው ጀሪካን ተቀምጧል፤ ኛምቩላ ማጥለያውን አፉ ላይ ይዛለች፤ አንዲት ሴት ደግሞ ከሰማያዊ ባልዲ ውኃ በቅል እየቀዳች ትጨምራለች። አጠገባቸው ሁለት ሌሎች ሴቶች አሉ፤ አንዷ የምዜ ቺራው ሚስት ናት። የዳኛው ሚስት!

ማሱዲ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ጉልበቱ አይደለም፤ ንዴት ነው። ወራት ሙሉ የተሰደበበት ውኃ ከገዛ ቤቱ ነበር! አፉን ከፈተ። አንድ ጩኸት ብቻ ይበቃው ነበር፤ ወንዱ ሁሉ ከታች ነው፣ ሮጠው ቢሄዱ ባልዲውን ጨምረው ይይዟቸዋል። ስሙ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንደ ወተት ይነጣል።

ያን ጊዜ ባልዲ የያዘችውን ሴት ለያት። ምዋናሲቲ ነበረች፣ የንጎሜ ሚስት። የምትቀዳው በቀኝ እጇ ብቻ ነው፤ ግራዋ ከጎኗ ተጣብቆ ቀርቷል። እጇ የተሰበረው ባለፈው የዝናብ ወራት ነው። ጉድጓድ ዳር አዳልጧት ነው አለ ንጎሜ። አዎ፣ አዳልጧት ነው አለ መንደሩ። ማሱዲም አዳልጧት ነው ብሏል። በዚያ ምሽት የንጎሜን ኩባያ እየደጋገመ የሞላው፣ «ንጹሑን ጠጣ፣ የወንድ ነው» ያለውም እሱ ራሱ ነበር።

ባልዲው ስንጥቅ ነው፤ ውኃው በምዋናሲቲ እግር ላይ ይንዠቀዠቃል። እሷ አንድ ነገር ተናገረች፣ አራቱም ሳቁ። ኛምቩላ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ነው የሳቀችው። ማሱዲ ሚስቱ እንዲህ ስትስቅ ካየ ስንት ዘመኑ ነው፤ እሱ ባለበት ዞር ብላ ነው የምትስቀው። አሁን ተረጋግተው ነበር፤ ሆዲ ስላልሰሙ ዛፍ ላይ ሰው የለም ብለው። እስከዛሬ ቃሉን አጥፎባቸው አያውቅማ።

አፉን ዘጋ። ልቡ ግን ተቃጠለ፤ በእነሱ ነው ወይስ በራሱ፣ እሱም አልለየውም።

የመጨረሻውን ገመድ አሾለከ፣ ብርቱካንማው ጨርቅ ተንሳፍፎ ወረደ፣ መንደሩ በእልልታ ቀለጠ። ሲወርድ ሙቲሶ አቀፈው፣ የሰማይ ዘላይ ሥዕል ያለበት ካናቴራም አለበሰው።

«አባቴ፣ አንድ ቀን በነፃ አዘልልሃለሁ! ከሰማይ ሆነህ አገሩን ሁሉ ታያለህ!»

«ይብቃኝ» አለ ማሱዲ። «ያየሁት አልተዋጠልኝም።»

ፀሐይ ስትጠልቅ ማንግዌው ሞላ። ማሱዲ የሰማይ ዘላይ ካናቴራውን እንደለበሰ መሐል ቆመ። ምዜ ቺራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በል ማል። ምናዚው ላይ ውኃ የለበትም በል።»

ማሱዲ እስከ ቀትር ድረስ ይህን መሐላ እንደ ውኃ የሚጠጣ ሰው ነበር። አሁን ውኃ የለም ብሎ ቢምል በሐሰት ነው፤ አለ፣ እከሊት ናት ቢል ደግሞ ሳይጮህ ያየውን ይናገራል፣ ምዋናሲቲም ዛሬ ማታ ሌላ ጉድጓድ ዳር ያዳልጣታል።

«ምን ሆንክ?» አለ ንጎሜ። «ምላስህን ዛፍ ላይ ረሳኸው?»

ማሱዲ አየው። ከዚያ ለሰዉ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ።

«አልምልም። ውኃ አለበት። እኔ ነኝ የምጨምረው።»

ንጎሜ ለጩኸት የከፈተውን አፍ በኩባያው ዘጋው፤ ሰው ሲካድበት ይጮሃል እንጂ ሲታመንለት ምን ይላል?

«አንተ?» አሉ ምዜ ቺራው። «ለምን ልጄ?»

«ሲያሞግሱኝ ጊዜ» አለ ማሱዲ። «ተረቱን አታውቁትም?»

ሳቁ ከዚያ በኋላ ነው የፈነዳው። ቅሉን አምጥተው ድንጋይ ላይ ሰበሩት። የአባቱ ቅል ነበር፣ ከእጅ ብዛት እንደ ቀንድ ለስልሷል። ማሱዲ ስብርባሪውን ላለማየት ባሕሩን አየ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል፣ ሁሉም አይቶታል። «ባባ ማጂ! ባባ ማጂ!» እያሉ ወንዶቹ ተሳሳቁ፤ ፍርዱ እንዳለቀም ያው የተፈረደበትን መጠጥ ቅዳልን አሉት።

«ከነገ ጀምሮ ይቀንሳል አይደል?» አለ ንጎሜ ኩባያውን እየዘረጋ።

«ከነገ ጀምሮ ይጨምራል» አለ ማሱዲ፣ ሞላለትም። «ካልጣመህ ዛፉ ያውልህ፣ ውጣ።»

ማንም አልወጣም።

ቤቱ ሲደርስ ወሬው ቀድሞታል። ኛምቩላ ሩዝና ዓሣ አቅርባ ከፊቱ ተቀመጠች፣ ግን ቀና ብላ አታየውም።

«ዛሬ ሆዲ ስትል አልሰማሁህም» አለች ቆይታ።

«ረሳሁ።»

እጇ ሳህኑ ላይ ቆመ። «ታዲያ ምን አየህ?»

«ባሕሩን።»

ማሱዲ የዓሣውን አጥንት እየለቀመ ጥቂት በላ።

«ያ ሰማያዊ ባልዲ ያፈሳል» አለ፣ ቀና ሳይል። «ነገ ገበያ ስሄድ አዲስ አመጣላችኋለሁ።»

ኛምቩላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ሩዙን ጨመረችለት።

«ትልቁን አምጣ» አለችው።