«ቁልፉን ለውጫለሁ» ያለችው አክስቴ

አክስቴ ፀጉር ሠሪ ናት። ድምፅዋ ጥሩ ስለሆነ አልፎ አልፎ ስቱዲዮ እየተጠራች ሌሎች ዘፋኞችን ታጅብ ነበር። ባሏ «መጣሁ» ብሎ ወጥቶ ሌላ ከተማ ሌላ ሴት ጋር በገባበት ዓመት፣ የአንድ ፊልም ዘፈን እንድታጅብ ተጠራች። ፊልሙ የሄደባትን ሰው መስኮት ላይ ተቀምጣ ስለምትጠብቅ ሴት ነው። የቀረጻው ዕለት ዋናዋ ዘፋኝ ከዳይሬክተሩ ጋር ተጣልታ ወጣች። የዜማው ደራሲ ወደ አክስቴ ጠቆመ፤ «እስቲ ይቺ ትሞክረው።»

እስከ መጨረሻው ስንኝ ድረስ አንጀት በሚበላ ድምፅ ዘፈነች። «ብትዘገይም እጠብቅሃለሁ፣ በሬ ክፍት ነው» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች።

«ምን ሆንሽ?» አለ ዳይሬክተሩ ከመስታወቱ ማዶ።

«ይሄን አልልም።»

«ተጽፎልሽ?»

«የጻፈው ይበለው። እኔ በሬን ከፍቼ አላድርም፤ ሌባ አለ።»

ዳይሬክተሩ ቱግ አለ። «ካልሽ በይ፣ ካላልሽ ውጪ!»

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሣች። የዜማው ደራሲ እየሳቀ በሩ ላይ ቆመባት። «እንደ ልብሽ አንዴ በይው። ካልጣመ እናጠፋዋለን።»

ማይክራፎኑ ጋ ተመልሳ ስንኙን እንዲህ አለችው፦ «ብትመጣም አልከፍትልህም፣ ቁልፉን ለውጫለሁ።»

 ጥግ ላይ ተቀምጣ የነበረችው፣ ያቺን የምትጠብቅ ሴት ሆና የምትጫወተው ተዋናይት ብድግ ብላ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ እኔም መስኮት ላይ መጎለት መርሮኛል።»

ዳይሬክተሩ ተረታ፤ የፊልሙ መጨረሻ ከስንኙ ጋር እንዲሄድ እንደ አዲስ ተቀረጸ። ፊልሙ ብዙም ሳይታይ ተረሳ። ዘፈኑን ግን ሕዝብ ቀማው። ታክሲ ውስጥ፣ ገመድ የሚዘሉ ሕፃናት አፍ ላይ፣ አይገርምም? ሠርግ ላይ ሳይቀር! አንጋፋም ጀማሪም እየተቀባበለ ዘፈነው። አክስቴ ብቻ ሰው ፊት ወጥታ ዘፍናው አታውቅም።

ከዓመታት በኋላ አንድ ረፋድ ፀጉር ቤቷ ውስጥ፣ እኔ ፀጉር ሳጥብ እሷ የደንበኛ ፀጉር በቢጎዲን ስትጠቀልል፣ ያ ባሏ ገባ። ሸብቷል።

«አዋረድሽኝ» አላት። «የሚያውቀኝ ሁሉ፣ ቁልፍ የተለወጠበት እያለ ይስቅብኛል።»

«ስምህን ጠራሁ?»

«አልጠራሽም።»

«ታዲያ አንተ መሆንህን ማን ነገረህ?»

 ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያለፈው አልፏል፣ ይቅር በይኝና ልመለስ» አላት።

አክስቴ ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች። ያንን ስንኝ ቢጎዲኑን እንደያዘች ዘፈነችለት። ድምፅዋ ሻክሯል፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የነበሩት ደንበኞች ጭንቅላታቸውን አወጡ። ሰውዬው ወጥቶ ሄደ።

በሩን ትክ ብላ እያየች ቢጎዲኑን አስቀመጠች። ወንበር ሳብኩላት።

«አሳዘነሽ እንዴ?»

«አሳዝኖኛል። ማዘን ሌላ፣ መመለስ ሌላ።»

ውሃ ጠጣችና ስልኳን አነሣች። ዝፈኚልን እያለ ሲለማመጣት ለኖረው የምሽት ክበብ ባለቤት ደወለች።

«ቅዳሜ እመጣለሁ። ለባንዱ ንገርልኝ፣ ፈጠን አድርገው ይምቱት፤ ለቅሶ ቤት አይደለም!»