አርባ እርምጃ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ወደታሰርኩበት መጋዘን የገባሁት በእግሬ አይደለም፤ ሁለት ወታደሮች በብብቴ ይዘው ወረወሩኝ። ደርግ ሥልጣን በያዘ በሦስተኛው ዓመት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮት የለው፤ ስልሳ ያህል ሰው ላቡን እየጠረገ ወደ እኔ ዞረ። ልነሳ ስል ወለሉ ተገለበጠብኝ። ተነሳሁ፣ ደግሞ ወደቅሁ። አንዱ «ሰክሮ ነው እንዴ የያዙት?» ሲል ሳቁ። እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የማሽግ ድሬሰር ነበርኩ። የአንድ ተፈላጊ ሰው ቁስል አጥበሃል ተብዬ ተያዝኩ፤ ማን እንደሆነ አልናገርም ስል መርማሪው በሁለት መዳፉ ሁለቱን ጆሮዎቼን አንድ ላይ አጮላቸው። ከዚያ ወዲህ አንገቴን ባዞርኩ ቁጥር ዓለም አብሮኝ ይዞራል። ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው በውስጠኛው ጆሮው እንደሆነ ተምሬያለሁ፤ እሱ ከተጎዳ መድኃኒት የለውም ብዬ ደመደምኩና ለራሴ ዕረፍት አዘዝኩ። ሦስት ሳምንት ራሴን ሳላንቀሳቅስ ተኛሁ። ባሰብኝ።

አጠገቤ የሚተኙት ሽማግሌ የቀወት ወረዳ ማሽላ ገበሬ ነበሩ። ለሽፍታ እህል ሰጥተሃል ተብለው ውስጥ እግራቸው ስለተገረፈ እየተንፏቀቁ ነበር የሚንቀሳቀሱት።

«ሐኪሙ፣» አሉኝ አንድ ረፋድ፣ «ወላሂ፣ የሚያዞረው ሰው ተኝቶ ሲድን አላየሁም። ማሽላ ጠብቀህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ አባባ።»

«ማማ ላይ ወጥተህ ግሪሳ ስታባርር ከርመህ ስትወርድ፣ መሬቱ እንደ ማማው ይወዛወዝብሃል። ሰነፍ ይተኛል፣ ሲያዞረው ይከርማል። እኛ አንዲት የማሽላ ዛላ መርጠን ዓይናችንን እንተክልባታለን። ከዚያ አንገት ወደ ግራ፣ አንገት ወደ ቀኝ። ዓይን ግን ንቅንቅ የለም።»

ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ አንድ የዛገ ሚስማር ነበር። ዛላዬ እሱ ሆነ። የመጀመሪያ ቀን አንገቴን አምስት ጊዜ አዙሬ አስመለሰኝ። ሽማግሌው በትከሻቸው ፎጣ ወለሉን ጠረጉ።

«በቃኝ» አልኳቸው።

«እናትህስ በቃት?»

እውነታቸውን ስለነበረ ተናደድኩ። ራሱን ችሎ የማይራመድ እስረኛ ጠያቂ ፊት አይቀርብም ነበር። እናቴ ከደብረ ሲና ሁለት እሁድ መጥታ፣ ስንቁን ተቀብለው ባዶ ሰሃን መልሰውላታል። የሞተ እስረኛ ስንቅ ጠባቂ ይበላዋል የሚል ወሬ ሰምታ በሌላ ሰው ጠያቂ በኩል ላከችብኝ፦ «ሬሳ እየቀለብኩ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? እስከ ፍልሰታ ካላየሁት ከል እለብሳለሁ።»

ከመጋዘኑ በር እስከ ግቢው በር አርባ እርምጃ ነው። ለዚያች አርባ ስል በየቀኑ አንገቴን አዞርኩ፤ መጀመሪያ ተቀምጬ፣ ኋላ ቆሜ። ተረከዜን ከጣቴ እያገናኘሁ ተራመድኩ። ዓይኔን ጨፍኜ በአንድ እግሬ ቆምኩ። ስወድቅ ክፍሉ ይስቃል፤ ሽማግሌው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። ተረቱ አንገሸገሸኝ። መራመድ የማይችል ሰው ተቀምጦ መራመድ አስተማረኝ።

ከፍልሰታ በፊት ያለው የመጨረሻው እሁድ ደረሰ። ጠዋት በሩ ሲከፈት እኔ የምጠራ መስሎኝ ተነሳሁ። የተጠሩት ሽማግሌው ነበሩ።

«ዕቃህን ይዘህ ውጣ!»

በዚያ ቃል ከወጡት የተመለሰ አልነበረም። ፎጣቸውን አጣጠፉ፤ ሌላ ዕቃ የላቸውም። ወታደሩ ሊጎትታቸው ጎንበስ ሲል ክንዴን ሰጠኋቸው። ለእናቴ ያዘጋጀኋትን አርባ እርምጃ ከእሳቸው ጋር ሄድኳት። ማን ማንን እንደደገፈ አላውቅም። በሩ ላይ መኪና ቆሟል።

«አሁን ልቀቀኝ፣ ልጄ።»

«ይወድቃሉ፣ አባባ።»

«አንተን አስተምሬ እኔ ልጎተት? ልቀቀኝ።»

ለቀቅኋቸው። ዓይናቸውን መኪናው ላይ ተከሉ። «ቢስሚላህ» ብለው፣ በዚያ እግር፣ ሦስት እርምጃ ብቻቸውን ተራመዱ።

ስመለስ ማንም አልደገፈኝም። በተከፈተው በር ሚስማሩ ይታየኝ ነበር። አርባውንም ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ እናቴ እስረኛና ጠያቂ ከሚለየው ገመድ ማዶ ስታየኝ እልልታዋን አቀለጠችው። «ቆሞ ሄደልኝ! ልጄ ቆሞ ሄደልኝ!» እኔ አለቀስኩ። የደስታ መሰላት። እስክትሞት ድረስ እንደዚያው መስሏት ኖረች።

ከተፈታሁ ብዙ ዓመት አልፎ፣ ባለፈው ዓመት ማዞሩ ተመልሶብኝ ሆስፒታል ሄድኩ። ወጣቷ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ግድግዳ ላይ ነጥብ ለጠፈች። «ዓይንዎን ከዚህ ሳያነሱ አንገትዎን ያዙሩ። አእምሮ የሚለምደው ሲንቀሳቀሱ ነው» አለችኝ። ሃያ ጊዜ አዞርኩ። ማን እንዳስተማረኝ ስትጠይቀኝ አፈርኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ቤታቸውን አልረገጥኩም።

ቀወት ሄጄ እያጠያየቅሁ ልጃቸውን አገኘኋት። ፀጉሯ ሸብቷል።

«አባቴን እንደ በግ ጎትተው ነው የወሰዱት አሉን» አለችኝ።

«ሐሰት ነው። በእግራቸው ነው የሄዱት። እዚያው ነበርኩ።»

«እንዴት አርገው?»

ከዘራዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ተነሳሁ። ከግቢው ማዶ ያለውን የማሽላ አገዳ እያየሁ ሦስት እርምጃ ተራመድኩ።

ዓይኗን በሻሿ ጠረገች።

«ይድገሙልኝ» አለች።

ደገምኩላት።