ጥጋቡ ሰባት ጊዜ ገባ

ወደ ኦቶና ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ላይ ወይዘሮ ሳዲያ ሰባት ክፍል ያከራያሉ። በሶዶ ከዚያ የተሻለ ክፍል ሞልቷል፤ የእሳቸው ጣሪያ በክረምት ያፈሳል፣ የሻወሩ ውኃም እንደ ባለሥልጣን ሲፈልግ ብቻ ነው የሚመጣው። ግን ከሌላ ቦታ ተመድቦ የመጣ ሐኪምና መምህር ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ነው። ሴትዮዋ አያወሩማ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ማን ገባ፣ ማን ከማን ጋር አመሸ የሚል ቃል ከአፋቸው የሰማ የለም። አንዴ ግቢያቸው ውስጥ ሠርግ ተደግሶ፣ ከበሮ እየተመታ፣ ጎረቤት «ምንድን ነው?» ቢላቸው «እኔ ምን አውቃለሁ» ብለዋል ይባላል።

ባለፈው ዓመት ተከራዮቹ ዋይፋይ አሉ። ባሮክ የሚባል ባለሙያ ከአረካ መጥቶ ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ ክብ ነጭ ሳጥን ሰቀለ። ሰማያዊ መብራት አላት። ወይዘሮ ሳዲያ መብራቷን አልወደዷትም፤ ዓይን መሰለቻቸው። ከሥሯ ሲያልፉ ሻሻቸውን ያስተካክላሉ።

ከዚያ ሦስት ቁጥር የምትኖረው የዩኒቨርሲቲ መምህርት ማኅሌት አንድ ቀን ፊቷ ጠቁሮ ገባች። ከፊት ለፊት ባለው የጥጋቡ ካፌ ማኪያቶ ልትጠጣ ብትቀመጥ፣ አንዱ ደንበኛ «ናኦል ዛሬ ቀረ?» ብሏታል።

«እትዬ ሳዲያ፣ ስሙን ለእርስዎ እንኳን አልነገርኩዎትም።»

«እኔም አልጠየቅኩሽም ልጄ።»

ማኅሌት ማን እንዳወራ እስከ ቅዳሜ ካልታወቀ ክፍሉን እንደምትለቅ ተናገረች። ሌሎቹ ስድስቱም ሻንጣቸውን በዓይናቸው መፈለግ ጀመሩ።

ወይዘሮ ሳዲያ ያልጠረጠሩት የለም። ከጉኑኖ እየመጣች ልብስ የምታጥበውን ፈጠነችን ሁለት ቀን አስቀሯት፤ እሷም የሰው ልብስ እንጂ የሰው ስም አጥባ እንደማታውቅ ተናግራ እያለቀሰች ሄደች። ባጃጅ ነጂዎቹን ጠረጠሩ። ቀዳዳ አለው ብለው ግድግዳውን በማማሰያ አንኳኩ። በመጨረሻ «በእንቅልፌ አወራ ይሆን?» ብለው ስልካቸውን መቅረጫ ላይ አድርገው ተኙ። የተገኘው የሁለት ሰዓት ማንኮራፋት ነው።

የቀረችው ሰማያዊዋ መብራት ነበረች። ባሮክ ጋ ደወሉ። «ቆይ ልየው ማዘር» አለና መብራቷ እዚያው ፊታቸው ጠፍታ በራች። ወይዘሮ ሳዲያ ወንበር ሳቡ።

«አረካ ሆነህ ነው ያጠፋኸው?»

«ከየትም ይቻላል።»

«ሌላስ ምን ይታይሃል?»

ባሮክ በሙያው የሚኮራ ልጅ ነው፤ ሁሉንም ዘረዘረው። አሁን አራት ስልክ አለ፣ «ናኦል» የሚል ስም ያለው ደግሞ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ገብቶ አሥራ ሁለት ላይ ወጥቷል። ወይዘሮ ሳዲያ ስልኩን ሳይዘጉ ሚኒባስ ተሳፈር አሉት።

ልጁ ደርሶ ለማንም እንዳላወራ ማለ። ስልክ በገባ ቁጥር ከነስሙ መልእክት የሚሄደው ለእሱ ሳይሆን የሳጥኗ አካውንት በስሙ ለተከፈተው ሰው ነው አለ።

«ማነው እሱ?»

ባሮክ ጭንቅላቱን አከከ። «ረሱት እንዴ ማዘር? ያኔ ቁጥርዎን ስጠይቅዎት ምን አሉኝ?»

ትዝ አላቸው። ቁጥሬን ለማላውቀው ዕቃ አልሰጥም፣ የጥጋቡን ጻፍ፣ የእሱ እንደሆነ የተደበቀ አይደለም ብለው ነበር። እውነትም ማኪያቶ በስልክ ለሚያዝ ሰው ተብሎ የጥጋቡ ቁጥር ካፌው ግድግዳ ላይ በሰው ቁመት ተጽፏል። በዚያው ቀን ጥጋቡ ባሮክ የጠየቀውን ኮድ ከስልኩ እያነበበ ሰጥቷል። ከዚያ ወዲህ የቡና ማሽኑ አጠገብ ሆኖ የመጣለትን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብልናል። ሲጠየቅም «እርስዎ የሚልኩልኝ መስሎኝ» አለ። ካፌው ውስጥ የነበርነውም፣ መዋሸት አያስፈልግም፣ ከሁለት ሰዓት ዜና የበለጠ እሱን ነበር የምንጠብቀው።

ባሮክ አካውንቱን ወደ ወይዘሮ ሳዲያ ስልክ አዞረው። አሁን ማን ያያል ብለው ጠየቁት። እርስዎ፣ ሲበላሽ ለመጠገን እኔ፣ ከዚያ ደግሞ ባሕር ማዶ ያለው የአምራቹ ኮምፒውተር ያያል አላቸው። ባሮክን እዚያው ከአካውንቱ አስወጡት፤ ሲበላሽ በእግርህ ትመጣለህ ተባለ። ኩባንያውን ግን ማስወጣት አይቻልም።

«እዚያ ያለው ሰውዬ ጥጋቡ ቤት ይቀመጣል?»

«አይ ማዘር።»

«እንግዲያው ይወቅ።»

ቅዳሜ ማኅሌት ሻንጣዋን በር ላይ አቆመች። ወይዘሮ ሳዲያ ጥፋቱ የራሳቸው መሆኑን ሳይደብቁ ነገሯት። ፈጠነችን ግቢው መሐል ይቅርታ ጠየቁ። «አሁን የሚነግረው ለእኔ ነው» አሉ ስልካቸውን ከሰውነታቸው አርቀው ይዘው፤ «እኔ ደግሞ ማወቅ አልፈልግም።»

ማኅሌት ትንሽ አሰበችና የራሷን ስልክ አውጥታ ለዋይፋዩ የሚታየውን ስሙን ለወጠችው። ሳቋን እየታገለች ለሌሎቹ አሳየቻቸው። እስከ ማታ የሰባቱም ክፍል ስልክ ስም አንድ ሆነ፤ እንግዳም ሲመጣ እንዲሁ ያደርጋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወይዘሮ ሳዲያ ስልክ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጥጋቡ ገባ። ጥጋቡ ገባ። በአንድ ምሽት ሰባት ጊዜ ጥጋቡ ገባ።

ይህን ለጥጋቡ የነገረችው ፈጠነች ናት፤ ደስ እያላት። ሰኞ ጠዋት ሽርጡን ሳይፈታ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ሚስቴ ብትሰማ ምን እላለሁ፣ ስሙን ያስቀይሩልኝ ብሎ ለመነ።

«አይዞህ ጥጋቡ» አሉት ወይዘሮ ሳዲያ፤ «ከዚህ ግቢ ወሬ አይወጣም።»

ማኅሌት ሻንጣዋን መልሳለች። ናኦል ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ የጥጋቡ ማኪያቶም እንደ ድሮው አይጥምም።