በልውውጥ ወደ ጂንካ

የልጅ ልጆቻችን ከኦሞራቴ ወደ ጂንካ እንዴት እንደመጣን ሲጠይቁ የባለቤቴ መልስ አጭር ነው። «ዝውውሬ ወጣ፤ ጓዛችንን ጭነን መጣን» ይላቸዋል። ዝውውሩ መውጣቱ እውነት ነው። ጓዙ የተጫነው ግን ከሰባት ወር በኋላ ነው። ስለ ሰባቱ ወር እሱ ስለማያወራ እኔ ልጻፈው።

ነገሩ የሆነው ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ባለቤቴ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር። እኔ ደግሞ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ካኮ ገበያ ቅቤና ማር እሸጥ ነበር። እሱ ኦሞራቴ ሲመደብ የገበያ ቦታዬን ለሌላ ሴት ትቼ ተከተልኩት። ትመጫለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ሚስት ትከተላለች ተብሎ ታለፈ። ኦሞራቴ የማታ ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል ተማርኩና በፈተና ተቀጠርኩ። ፈተናው ስም መጻፍና አንድ ማስታወቂያ ማንበብ ነበር። ቅጥሩ ቋሚ ነበር።

የባለቤቴ የዝውውር ደብዳቤ በደረሰ ዕለት የሥራ ባልደረቦቹ ፍየል አረዱለት። እሱ በማግስቱ ቁጭ ብሎ የእኔን የሥራ መልቀቂያ ጻፈ። በቤታችን ደብዳቤ የሚጽፈው ሁልጊዜ እሱ ነው፤ የእኔን የፈቃድ ማመልከቻም፣ የጎረቤቶቻችንን አቤቱታም። ስለዚህ ይህንንም ጻፈው። ክፋት አልነበረበትም፤ ድካም የቀነሰልኝ መስሎታል። ስሜን ከታች አስፍሮ «እዚህ ጋ ፈርሚ» አለኝ።

አነበብኩት። በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን መልቀቄን ይገልጻል።

«ይሄ የማን ፈቃድ ነው?» አልኩት።

«ያንቺ ነዋ።»

«መቼ ፈቀድኩ?»

«ታዲያ ልትቀሪ ነው? ሰው ጂንካ ለመግባት ስለት ይሳላል እኮ!»

«ካኮን አንድ ጊዜ ትቼልሃለሁ። ከዚህ የምሄደው ከነሥራዬ ነው። ካልሆነ ደግሞ አንተ ሂድ፣ እኔ እዚሁ ነኝ።»

መጀመሪያ ሳቀ። ደብዳቤውን አጥፌ ምድጃ ውስጥ ስከተው ሳቁን ተወ። የመሄጃ ቀኑ ስለተቆረጠበት አንድ ፍራሽና አንድ ማንቆርቆሪያ ይዞ ብቻውን ሄደ። ሁለቱ ልጆቻችን ከእኔ ጋር ቀሩ። አብራኝ የምትጸልይ ጎረቤቴ «ባልሽን ጥለሽ መጥረጊያ ታቅፈሽ ቀረሽ?» አለችኝ። «አልጣልኩትም፤ ያለበትን አውቃለሁ» አልኳት።

ወደ መሥሪያ ቤታችን የሠራተኛ አስተዳደር ሄጄ ለእኔም ዝውውር ጠየቅሁ። ጂንካ ክፍት የጽዳት መደብ የለም አለኝ ሰውየው። መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ ልውውጥ። በእኔ ደረጃ ያለች፣ ጂንካን ትታ ኦሞራቴ የምትመጣ የጽዳት ሠራተኛ ከተገኘች፣ ሁለታችን እንፈርማለን፣ ሁለቱ ኃላፊዎች ይስማማሉ፣ ያልቃል።

«ግን ጂንካን ትቶ ወደዚህ ሙቀት የሚመጣ ማን አለ?» ብሎ ሳቀብኝ። «ሞኝሽን ፈልጊ።»

ይህን ላክሁበት፤ ባለቤቴም ጂንካ ላይ ሲያፈላልግ ቆየ። በአምስተኛው ወር በአይሱዙ ሾፌር መልእክት ላከ፤ ሴትዮዋ ተገኝታለች። የዚያው የኦሞራቴ አካባቢ ተወላጅ፣ ዳሰነች ናት፤ እናቷ ኦሞራቴ አጠገብ አርጅተውባታል፣ መመለስ ትፈልጋለች። ልጆቹን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ፣ ፈቃድ ወስጄ በጭነት መኪና ወጣሁ። ወይጦ አደርኩ፤ በማግስቱ ቅዳሜ ጂንካ ገበያው ሞልቶ ደረስኩ።

ከገበያው አጠገብ ሻይ ቤት ውስጥ ተገናኘን። ባለቤቴ ቅጹን በሚያምር እጅ ጽሑፉ ሞልቶ ይዞ መጥቷል፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። እኔ ፈረምኩ። እሷ እስክሪብቶውን ስታነሳ ዝም ማለት አቃተኝ።

«ስለ ውሃው ነግረውሻል?» አልኳት።

ባለቤቴ በጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠኝ።

«የምን ውሃ?» አለች።

ነገርኳት። መሥሪያ ቤቱ ቧንቧ የለውም። ከመጥረግና ከመወልወል በፊት ሠራተኛው የሚጠጣውን ሁለት በርሜል ውሃ ከኦሞ ወንዝ መቅዳት አለ፤ በጄሪካን፣ በጀርባ። ዳርቻው ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው። አዞም አለ።

የእስክሪብቶውን ክዳን መልሳ ገጠመችው።

«ሙቀቱን ተይው፣ እዚያው ነው የተወለድኩት። አዞውንም አውቀዋለሁ። ውሃ መቅዳት ግን የቅጥር ደብዳቤሽ ላይ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ አንቺ ለምን ትቀጃለሽ?»

የባሌን ደብዳቤ ምድጃ ውስጥ የከተትኩ ሴት፣ ማንም ሳያዘኝ ዓመታት ሙሉ ውሃ ተሸክሜያለሁ። ከእኔ በፊት የነበረችው ትቀዳ ስለነበር ቀዳሁ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

«ውሃው ከጽዳት ሥራ መነሳቱ በጽሑፍ ይምጣልኝ፤ ያን ጊዜ እፈርማለሁ» አለችና ሻይዋን ጨርሳ ሄደች።

ባለቤቴ መንገድ ላይ ተናደደብኝ። «አፍሽን ብትይዢ ዛሬ አልቆ ነበር!»

«እዚያ ደርሳ ጄሪካን ሲሰጧት ማንን ትረግማለች?»

«ትርገም! እኛ እንደሆን ጂንካ ነን፤ አንሰማት።»

በዚህ አልተስማማንም። እሁድን ተኳርፈን ዋልን፤ ሰኞ ተመለስኩ።

ኦሞራቴ እንደደረስኩ ኃላፊዬ ዘንድ ገብቼ ከነገ ጀምሮ ውሃ አልቀዳም አልኩ።

«ታዲያ ማን ይቅዳ?» አለ።

«የሚጠጣው።»

በርሜሎቹ ደረቁ። ሠራተኛው ከየቤቱ በጠርሙስ ውሃ ይዞ ይመጣ ጀመር፤ ሰላምታ የነፈጉኝም ነበሩ። ኃላፊው ማስጠንቀቂያ እጽፍብሻለሁ አለኝ። «ይጻፉ፤ ጥፋቴን ግን በግልጽ ያስቀምጡት፤ ቅጥር ደብዳቤዋ ላይ የሌለ ሥራ አልሠራም ብላለች ይበሉ» አልኩት። አልጻፈም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አህያ ያለው ሰው ለውሃ ቀጠሩ። ውሃ መቅዳት የጽዳት ሥራ አለመሆኑን የሚገልጽ ባለማኅተም ደብዳቤም አወጡ። ኮፒውን በሾፌር ላክሁላት። ፈረመች። የልውውጡ ደብዳቤ በሰባተኛው ወር ወጣ፤ አልጋውን፣ ሳጥኑን፣ ዶሮዎቹንና ልጆቹን ጭኜ ጂንካ ገባሁ።

ክረምት ነበር። የኦሞራቴ ቆሻሻ አቧራ ነው፤ አንዴ ተጠርጎ ይወጣል። ጂንካ መሥሪያ ቤት በገባሁበት ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ወለሉን አራት ጊዜ ወለወልኩ። ከየወረዳው የሚመጣው ባለጉዳይ ጭቃውን እስከ ጉልበቱ ተሸክሞ ይገባል፤ ሠራተኛውም ከእሱ አይሻልም። ለሴትዮዋ «ስለ ጭቃው ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ በሾፌር ላክሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሷ መጣ። «አልጠየቅሽኝም።»

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ግድግዳ ይዞ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

በማግስቱ አሮጌ ጆንያ አርጥቤ በሩ ላይ ዘረጋሁና አጠገቡ ቆምኩ። ጫማ ሳይጠርግ የሚያልፍ የለም አልኩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ጠረገች፣ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር እያጉረመረመ ጠረገ፣ ባለጉዳዮቹም ጠረጉ። የጂንካው ኃላፊ መጡ፤ ሰው በር ላይ ተሰልፎ ሲያዩ ቆም አሉ።

«እኔም?» አሉኝ።

«እርስዎም።»

ቦርሳቸውን ለሾፌሩ አስያዙና ጫማቸውን አንድ በአንድ ጠረጉ።