ሰማንያ ቀኗ የሞላ ዕለት

ከጎንደር የወጣሁ ዋዜማ፣ ሻንጣዬን ስዘጋ አባቴ ጠበል በሃይላንድ ሞልተው መጡና በነጠላ ጠቅልለው ከልብሴ መሀል ከተቱልኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰፈራችንን ደብር ሲያገለግሉ ኖረዋል። «ታገሺ ልጄ» አሉኝ። ታገሺ የሳቸው ቃል ነው። በሆስፒታል ላብራቶሪ ስሠራ ደመወዝ ሲዘገይ ታገሺ፤ መብራት ሲጠፋ ታገሺ፤ የኮላ ድባ መንገድ ተዘግቶ ባለቤቴ እናቱን ሳይቀብር ሲቀር እንኳ «ታገሱ» ነበር ያሉን። እሱ ከዚያ በኋላ ነው አገሩ አስጠልቶት ወደ ጀርመን የሄደው። እኔም ቆይቼ ተከተልሁት።

እዚህ ስደርስ ታገሺ በጀርመንኛ ጠበቀኝ። ጌዱልድ ይሉታል። የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ ሳታየኝ ጌዱልድ ትለኛለች። ጉንፋን ሲይዘኝ ሐኪሙም ሻይ ጠጪና ጌዱልድ አለኝ። ዝናቡስ ብትሉ፣ እንደኛ ክረምት ዘንቦ አይወጣለትም፣ ሲያለቃቅስ ይውላል እንጂ። አንድ ቀን አከራያችን በሩን ደበደበ።

«ይህ ምን የሚሉት ሽታ ነው?»

«ሽሮ ነው።»

«እኔ የጋዝ ቧንቧ የፈነዳ መስሎኝ እሳት አደጋ ልጠራ ነበር!»

ይህን ሁሉ ችያለሁ። የአረጋውያን መኖሪያ ወለል ስወለውል ውዳሴ ማርያሜን በልቤ እደግማለሁ፣ ቀኑም ያልፋል። ያልቻልሁት የራሳችንን ሰዎች ነው።

ቤተ ክርስቲያን የምንለው ከጀርመኖች በሰዓት የምንከራየው አዳራሽ ነው። ሰበካ ጉባኤው ለሁለት ተሰንጥቋል። ጠቡ የተጀመረው የኩሽናው ፍሪጅ ቁልፍ እማን እጅ ይቀመጥ በሚል ነው፤ ዛሬ ብትጠይቋቸው ግን ስለ ሃይማኖት ነው ይሏችኋል። ከቅዳሴ በኋላ ሲሰዳደቡ የሰማሁትን፣ እንፍራንዝ ገበያ ከሰከረ ሰው አፍ እንኳ ሰምቼው አላውቅም።

ልጄን ስወልድ የአራስ ገንፎዬን ያገነፉልኝ እትዬ ትርንጎ ናቸው። ወገቤን በቅቤ ያሹልኝ፣ ልጂቱን ያጠቡልኝ እሳቸው ናቸው። የክርስትና እናቷ እንዲሆኑልኝ ለመንኋቸው። የየትኛው ወገን ናቸው ብዬ መጠየቅ እንደነበረብኝ ማን አስቦት!

ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች፤ እናቷም እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ስለዚህ ቀኑ የልጄ ብቻ ሳይሆን የኔም ነበር። ቀኑ ደረሰና ልጄን ነጭ አልብሼ፣ ያን የአባቴን ጠበል ይዤ፣ ከባለቤቴና ከእትዬ ትርንጎ ጋር በካፊያ ሄድን። በሩ ተቆልፏል። ሁለቱ ወገኖች ደጃፉ ላይ ተፋጠዋል። ቁልፉ የአንደኛው ወገን ሊቀ መንበር ኪስ ውስጥ ነው።

«የክርስትና እናቷን ቀይሪ፣ እንከፍታለን» አሉኝ ሊቀ መንበሩ።

«ምነው ጋሼ? ምን አጠፉ?»

«በሳቸው ሰበብ እነዚያ ሁሉ ሊገቡብን ነው።»

«ክርስትና ነው'ኮ፣ ስብሰባ አይደለም!»

«የመርህ ጉዳይ ነው እህቴ። ትንሽ ታገሺ።»

ያ የአባቴ ቃል ከዚያ አፍ ወጣ። ቄሱ መስቀላቸውን ጨብጠው መሬት መሬት ያያሉ። እትዬ ትርንጎ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ «እኔ ልሂድ ልጄ፣ ብቻ እሷ ትጠመቅ» አሉኝ። እጃቸውን ያዝሁ። ሳልመልስላቸው የወዲያኛው ወገን «እሳቸው የትም አይሄዱም!» ብሎ ገፋ፤ የወዲህኛውም ገፋ። የአንዱ ጃንጥላ የሌላውን ግንባር ወጋው። ልጄ ደንግጣ ጮኸች።

በመሀል የሕንፃው ጠባቂ፣ ሀውስማይስተር የሚሉት፣ የራሱን ቁልፍ ይዞ መጣ።

«ለማን ልክፈት?» አለ።

«ለዚች» አልሁት ልጄን ከፍ አድርጌ።

ሰዓቱን አየ። «ይቅርታ፣ ጊዜያችሁ አልቋል። አሁን የዮጋዎቹ ተራ ነው።»

ዮጋዎቹ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው መጡ፣ ደህና አደራችሁ ብለው ሰላምታ ሰጡን፣ ጫማቸውን አውልቀው በሰልፍ ደረደሩና በዝግታ ገቡ። የእኛዎቹ ከነጫማቸው ደጅ ላይ ይገፋፋሉ። አፈርሁ፤ ከማፈሬም በላይ ተጸየፍኋቸው።

ቤት እንደገባን አባቴ ደወሉ። ከኋላቸው ሰው ሲንጫጫ፣ እልል ሲባል ይሰማኛል።

«እንዴት ዋላችሁ ልጄ? እናትሽ ጠላዋን ጠምቃ ጎረቤቱን ሰብስባለች፣ ሸጋ ድግስ ነው። ስመ ክርስትናዋን ማን አላችኋት? ነገ በቅዳሴ ላስጠራት።»

«ገና ነው አባባ።»

«ምነው? አመማት እንዴ?»

ሁሉንም ነገርኋቸው፣ ፍሪጁ ሳይቀር። እልልታውን ማን እንዳስቆመው አላውቅም። ታገሺ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲሉኝም ፈልጌ ነበር።

«እና ልጂቱ ስም የላትም?» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ አለቀሱ። አባቴ ሲያለቅሱ ሰምቼ አላውቅም። የሰጡኝ ሃይላንድ ክዳኑ ሳይነካ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል።

«ትንሽ ይታገሱ፣ አባባ» አልኋቸው።